የድምፅ ዕቃ ማኅበር

እኔ ዘፋኝ አይደለሁም፤ መሣሪያም አልጫወትም። ሥራዬ ስፌት ነው። በኔቫዳ በረሃ፣ ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖ ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ምድር ቤት፣ የሠራተኛ ዩኒፎርም በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ የተቀደደ ኪስ እሰፋለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የተበጠሰ ቁልፍ እተክላለሁ። «የሙዚቃ ማኅበሩን ያቋቋምሽው አንቺ ነሽ አሉ» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ከየት እንደምጀምርለት ይቸግረኛል። እውነቱን ለመናገር ማኅበር ላቋቁም ብዬ አልተነሣሁም። ሁለት ስፒከር ነው ያስቀመጥኩት።

ስፒከሮቹ የአንድ ማሲንቆ ተጫዋች ነበሩ። ጋሼ ነው የምላቸው። በአንድ የአበሻ ምግብ ቤት ለብዙ ዓመት ቅዳሜና እሑድ ሲጫወቱ ኖረዋል። የመድረክ ልብሳቸውን የምሰፋላቸው እኔ ስለነበርኩ በደንብ እንተዋወቃለን። ምግብ ቤቱ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት መድረኩን አፍርሶ በቦታው ጠረጴዛ ጨመረ። የቀድሞው ባለቤት ግን ሰው አክባሪ ስለነበረ፣ ሲለያዩ ስፒከሮቹን፣ ሚክሰሩንና ሁለት ማይክ «ይሄ የእርስዎ ነው» ብሎ ሰጣቸው። ጋሼ የሚኖሩት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ስፒከሮቹ ደግሞ ቆመው ደረታቸው ድረስ ይደርሳሉ።

ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ጋራዥሽ ባዶ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«አዎ ጋሼ፣ መኪናዬን ውጭ ነው ፓርክ የማደርገው።»

«ለጥቂት ቀን ነው።»

«ለጥቂት ቀን ነው» የተባለ ዕቃ ምን እንደሚሆን ሰው ሁሉ ያውቃል። ቤቴ ዊትኒ የሚባል ሰፈር ነው፤ አነስተኛ ቤት ነች፤ ጎረቤቶቼ እንደ እኔው ጠዋትና ማታ ወደ ስትሪፕ የሚመላለሱ ሠራተኞች ናቸው። ስፒከሮቹን በአሮጌ አንሶላ ሸፍኜ ከስፌት ማሽኔ አጠገብ አቆምኳቸው።

ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም። መጀመሪያ የመጣው የወሎ ሰው ነው። የሆቴል ሠራተኞችን ከፓርኪንግ ወደ ሥራ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። ዩኒፎርሙን ከእኔ መስኮት ስለሚወስድ መልኩን አውቀው ነበር፤ ከሰላምታ አልፈን ግን አናውቅም። በሬ ላይ ቆሞ ጫማውን እያየ፣

«እህቴ፣ ድምፅ አለሽ አሉኝ» አለ።

«ምን አለኝ?»

«የድምፅ ዕቃ። መውሊድ አለን፤ አዳራሽ ተከራይተናል። ከኋላ ያለ ሰው ምንም አይሰማም።»

ጋሼን ደውዬ ጠየቅኳቸው። «ስጪው፤ ዕቃ ሲቀመጥ ይታመማል» አሉ። ሰጠሁት። በማግሥቱ ሲመልስ ስፒከሮቹ ተወልውለው፣ ገመዶቹ ተጠቅልለው፣ አንሶላው ሳይቀር ታጥቦ ነበር። «ወላሂ፣ ትላልቅ እናቶቻችን ከመጨረሻው ወንበር ሆነው ሰሙ» አለኝ፤ የእናቶቹ ደስታ እሱ ፊት ላይ ይታይ ነበር።

ሁለተኛው የመጣው ከአንድ የአማርኛ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ነው። በካዚኖ ውስጥ ስሎት የሚሉትን የቁማር ማሽን ይጠግናል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ኪቦርድ ይጫወታል። ፓርክ ውስጥ ኮንፈረንስ ሊያደርጉ ሲሉ የራሳቸው ስፒከር ተቃጥሎባቸው ነው። አንሶላውን ገልጬ ሳሳየው እጁን ሳያሳርፍበት ትንሽ ቆመ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ይሄ የት ነበር የሚሠራው?»

«ምግብ ቤት።»

«መጠጥ የሚሸጥበት?»

«አዎ። ይዘፈንበትም ነበር» አልኩት፤ ነገሩን ልደብቀው አልፈለግኩም።

አሰበበት። ኋላ «ዕቃው ምን በደለ» አለና ተንበረከከ። እኔ የሚጸልይበት መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የኋላውን ክዳን ሊፈታ ነው። ከኪሱ መፍቻ አውጥቶ ውስጡን ፈትሾ አንድ የላላ ሽቦ አገኘ። ጋሼን ከምግብ ቤቱ ዘመን ጀምሮ ሲከተላቸው የኖረ አንድ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ነበረ፤ ከማሲንቆው ሥር እንደ ዝናብ የሚሰማ። ያን ዕለት ጠፋ። ጋሼ ሰምተው ማመን አቃታቸው። «ይሄን ሁሉ ዓመት የእኔ ጥፋት ይመስለኝ ነበር» አሉ።

እንዲህ እየሆነ ሲዋሱ ሲመልሱ ቆዩና አንድ ቅዳሜ ተገጫጩ። ጋሼ ሰርግ ነበረባቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው የወጣቶች ፕሮግራም ነበረው፤ ሹፌሩ ደግሞ የአንድ ልጅ ኒካህ። ሦስቱም ጠዋት በሬ ላይ ተገናኙ። ማን ይውሰድ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሦስቱም «አንተ ውሰድ»፣ «እርስዎ ይውሰዱ» ሲባባሉ ፀሐይዋ ወጣች። የፕላስቲክ ወንበር አውጥቼ ጋራዡ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኳቸውና ውኃ ሰጠኋቸው። ክርክሩ በቀላሉ አለቀ፤ ሰርጉ ማታ ነው፣ ኒካሁ እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ወጣቶቹ በአንድ ስፒከር ይበቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ግን ማንም አልተነሣም። ወሬ ስላማራቸው እኔም ጨዋታ ለማስቀጠል ያህል፣

«ለመሆኑ የት ነው የምትለማመዱት?» አልኩ።

ጋሼ ሳቁ። «መኪና ውስጥ። ፓርኩ ጋ ሄጄ ዛፍ ሥር አቆምና መስኮቱን እዘጋለሁ።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ኤሲ እከፍታለሁ። ኤሲው ደግሞ የማሲንቆውን ቆዳ ያደርቅብኛል። በረሃው አልበቃ ብሎ!»

ሹፌሩ መንዙማ የሚያወጣው ሻትሉ ባዶውን በሚመለስባት አጭር መንገድ ላይ ነው። ኪቦርዲስቱ ጆሮው ላይ ሄድፎን ሰክቶ ነው፤ መዘምራኑ ደግሞ ሕንጻውን ከአሜሪካኖች ስለተከራዩት በሳምንት አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የሚገቡበት። ይሄ ከተማ ግማሹ ሰው ቀን የሚተኛበት ከተማ ነው። አፓርታማ ውስጥ በየትኛውም ሰዓት ብትዘፍን ከግድግዳው ማዶ ግሬቭያርድ ከሚሉት የሌሊት ሺፍት መጥቶ የተጋደመ ሰው አለ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም ግድግዳ የሚደበድበው።

«ታዲያ አንድ ክፍል ለምን አንፈልግም?» አልኩ። ያልኩት እንደ ዋዛ ነው። ሦስቱም ዞረው አዩኝ።

ክፍሉን ያገኘልን ሹፌሩ ነው። ቦልደር ሃይዌይ ዳር የሻትሉን ጎማ የሚያስቀይርበት ጋራዥ አለ፤ ባለቤቱ የሜክሲኮ ሰው ነው። ከጎማ ቤቱ ጀርባ ድሮ መጋዘን የነበረ ሰፊ ክፍል ባዶውን ተቀምጦ ነበር። ሰውዬው ነገሩን ሲሰማ «ጫጫታ ነው የምትፈሩት? እዚህ ማን ይሰማችኋል?» ብሎ የጎማ መፍቻ ማሽኑን አስነሣልን። ጆሮአችንን ያዝን። ክፍሉን ካጸዳን፣ እሑድ እሑድ የወንድሙ ልጅ አኮርዲዮን እንዲለማመድበት ከፈቀድን ሌላ ነገር አልፈልግም አለ።

እኔም የምችለውን አደረግኩ። ሆቴሉ ክፍሎቹን ሲያድስ ሊጥላቸው ያወጣቸውን ወፋፍራም መጋረጃዎች አለቃዬን አስፈቅጄ ወሰድኩና ለግድግዳው ሰፋሁላቸው። ኪቦርዲስቱ መሐል ክፍሉ ላይ ቆሞ አጨበጨበ። ድምፁ ተመልሶ ሳይመጣ ሲቀር «አሁን ተጋረደ» አለ።

ክፍል ሲገኝ ሰው መጣ። ሰው ሲመጣ ደግሞ «ማን ናችሁ?» የሚል መጣ። ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፤ የከተማው አዳራሽ የሚሰጠው ለተመዘገበ ድርጅት ነው ተባለ። በነጻ የምትረዳ አንዲት የሕግ ባለሙያ አገኘን። «ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ብላችሁ ተመዝገቡ፤ ስምና ዓላማ ይዛችሁ ኑ» አለችን። ዓላማው አላስቸገረንም። ስሙ ነው ያጣላን።

የተሰበሰብነው ወጥ ቤቴ ውስጥ ነው። ጋሼ «የአበሻ ዘፈንና ሙዚቃ ማኅበር» የሚል ስም አመጡ። ኪቦርዲስቱ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዘፈን የሚል ቃል ካለበት እኔ መግባት አልችልም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዘፈን ኃጢአት ነው።»

«እሺ፣ መዝሙር እንበለው?» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ደስ አላለኝም።

ሹፌሩ በቀስታ ገባበት። «መንዙማ ደግሞ መዝሙርም ዘፈንም አይደለም። ዘፈን ነው ብዬ ብመዘግበው እናቴ አታናግረኝም።»

ጋሼ ብርጭቋቸውን ገፋ አደረጉ። «እና እኔ ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ኃጢአት ነው ማለት ነው? እናንተ ሁለታችሁ አምላካችሁን ታመሰግናላችሁ፤ እኔ ግን ሰርግ ሳደምቅ፣ ልቅሶ ሳስለቅስ የኖርኩት ሰውዬ ኃጢአተኛ ነኝ?»

ኪቦርዲስቱ ፊቱ ቀላ፤ ሊያስቀይማቸው እንዳልፈለገ ያስታውቃል፤ ካለው ግን ወደ ኋላ አላለም። ሹፌሩ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል። እኔ ደክሞኝ ነበር፤ ጠዋት ከሌሊት ሺፍት መጥቼ አልተኛሁም። «መጀመሪያ ምን ፈልጋችሁ ነው ቤቴ የመጣችሁት?» አልኩ። «የድምፅ ዕቃ አይደለም? ዕቃው ላይ የተጣላ ሰው አላየሁም። የድምፅ ዕቃ ማኅበር በሉትና ልተኛበት።»

ጋሼ ሳይፈልጉ ሳቁ። በዚያው ጸደቀ። የሕግ ባለሙያዋ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ስትሰማ «ሱቅ ነው እንዴ የምትከፍቱት?» ብላ ነበር። ዛሬም ድረስ ስፒከር የምንሸጥ መስሎት የሚደውል አይጠፋም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ጥሩ ነበር። ክፍሉን በተራ ተካፈሉት። ጠዋት ከሌሊት ሺፍት የወጡ ሰዎች ሳይተኙ በፊት ይመጣሉ፤ ከሰዓት ልጆች ይመጣሉ። ኪቦርዲስቱ የቤተ ክርስቲያኑን ልጆች ያስተምራል፤ ሹፌሩ ድቤ ያስመታል፤ ጋሼ ማሲንቆ ያሳያሉ። ሰዘርን ሃይላንድስ ከሚባለው ሰፈር ሁለት ልጆቿን ይዛ የምትመጣ ነርስ ነበረች። ትንሿ ልጅ ማሲንቆውን ዞራ ዞራ አየችና «ጋሼ፣ ዋን ስትሪንግ ብቻ ነው ያለው?» አለች።

«አዎ» አሏት። «እሱንም ገና አልጨረስኩትም።»

ወሬው ከአበሻም አለፈ። የፊሊፒን ሴቶች ኳየር ማይክ ሊዋስ መጣ። አንድ ከበሮ መቺ ጡረተኛ የራሱን ድራም ሰጥቶን ሄደ። የሚያበድር ለሚበደር፣ ክፍል ያለው ክፍል ለሌለው ስልክ መሰጣጠት ተጀመረ። የእኔ ሥራ ስልክ ማንሳትና «አለ»፣ «የለም»፣ «እሱ ጋ ደውል» ማለት ነበር። ኔትወርክ ሲሉት እሰማለሁ፤ በእኛ ዘንድ ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ከጎረቤታችን ከተማ ከሄንደርሰን ተደወለ። ዋተር ስትሪት ላይ፣ ከከተማው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ባለው አደባባይ የውጭ መድረክ ሊኖር ነው፤ ለእናንተ ግማሽ ሰዓት አለን አሉ። አንድ ግማሽ ሰዓት። ለሦስት ዓይነት ሰው።

የጎማ ቤቱ ውስጥ ተነጋገርንበት። ቃል ከሌለው ጠብ የለም የሚል ሐሳብ የመጣው ከኪቦርዲስቱ ነው። «ዜማ ብቻ እንጫወት። ግጥም አይኑርበት። ግጥም የሌለውን ዜማ ማንም ዘፈን አይለውም፣ መዝሙርም አይለውም።» ተስማሙ። ልምምዱ የተጀመረ ዕለት እኔም ነበርኩ። ኪቦርዲስቱ ቤተ ክርስቲያን የሚጫወተውን አንድ ዜማ ቀስ አድርጎ ጀመረ። ጋሼ ትንሽ ሰሙና በማሲንቆ ተከተሉት። ሹፌሩ ድቤውን ጭኑ ላይ እንደያዘ ዓይኑን ጨፍኖ በዚያው ላይ ማንጎራጎር ጀመረ። ሲጨርሱ፣

«ይሄን እኮ እኛ ነቢን እናወድስበታለን» አለ ሹፌሩ።

«ባቲ ነው» አሉ ጋሼ።

«ምኑ?»

«ቅኝቱ ነዋ። ባቲ ይባላል።»

ሹፌሩ ድቤውን መሬት አስቀመጠው። «እኔ የተወለድኩት ባቲ ነው! ገበያው አጠገብ!» ከዚያ የመጣው ሳቅ ጎማ ቀያሪዎቹን ሳይቀር በር ላይ አቆማቸው። የባቲ ልጅ ባቲ የሚባል ቅኝት እንዳለ ያወቀው በኔቫዳ ጎማ ቤት ነው ብለን ለወር ያህል ቀለድንበት።

ለዝግጅቱ አንድ ቀን ሲቀረው ኪቦርዲስቱ ቤቴ መጣ። ገብቶ አልተቀመጠም።

«የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አነጋገሩኝ» አለ። «መድረኩ ላይ አዝማሪ ካለ አምልኮ የሚመራ ሰው አብሮ መቆም የለበትም አሉ። ቃል ባይኖረውም።»

«አንተ ምን አልክ?»

«እሺ አልኩ። ተናደድሽብኝ?»

«እኔ እንጃ። ጋሼን ምን እላቸዋለሁ?»

«እኔ ነግሬአቸዋለሁ። አልጫወትም እንጂ እመጣለሁ። ሚክሰሩ ላይ እቆማለሁ። ድምፃቸውን ሌላ ሰው ሲያበላሽባቸው ማየት አልችልም።»

በማግሥቱ ዋተር ስትሪት ፀሐይዋ ጠንካራ፣ ነፋሱም ደረቅ ነበር። ሰው መጥቷል፤ ሬስቶራንቶቹ በረንዳ ላይ የተቀመጡ አሉ፤ የአይስክሬም ሰልፍ አለ፤ ከእኛም ወገን ብዙ ሰው ወጥቷል። የቤተ ክርስቲያኑ ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን ይዘው ነበሩ፤ ከሽማግሌዎቹም አንዱን አየኋቸው። ሹፌሩ በቀጥታ ከሥራ ስለመጣ የሆቴሉን ዩኒፎርም ለብሷል። ኪቦርዲስቱ ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ድንኳኑ ሥር ሚክሰሩ ላይ ቆሟል።

ጋሼ ጀመሩ። ያ የለመድነው ባቲ። ሹፌሩ ድቤውን አስገባ። አምስት ደቂቃ የሄደ አይመስለኝም፤ አንድ የደረቀ ድምፅ፣ ቅርንጫፍ ሲሰበር ዓይነት፣ በማይኩ ውስጥ ጮኸ። የማሲንቆው ቆዳ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ጋሼ መሣሪያውን አገላብጠው አዩት። ሹፌሩ መምታቱን አላቆመም፤ ዓይኑ ግን እሳቸው ላይ ነው።

ጋሼ ማሲንቆውን ወንበሩ ላይ አስተኙና ማይኩን ይዘው ተነሡ።

«በረሃ ሰንጥቆት የማሲንቆን ቆዳ፣
ጉሮሮ ቀረችኝ ለመጣው እንግዳ።»

አማርኛ የሚሰማው ሁሉ ጮኸ። የማይሰማውም ሲጮህ አይቶ አጨበጨበ። ቃል አይኑር ያልነው ነገር በዚያው ቀረ። ስለ ሄንደርሰን ነፋስ ገጠሙ፣ ስለ ጎማ ቤቱ ሰውዬ ገጠሙ፤ ሹፌሩ እየሳቀ ይቀበላቸዋል። ድምፃቸው ለዕድሜያቸው ገር ነበር፤ አንዳች ጭረት አልነበረበትም። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ድንኳኑ ቀሰሩ።

«ወንድሜ ከመድረክ ቢቀር ለዘንድሮ፣
ድምፄን አጉልቶልኝ ሆነኝ ሁለት ጆሮ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ኪቦርዲስቱን አየው። ልጆቹ ስሙን እየጠሩ አጨበጨቡለት። እሱ አንገቱን ደፍቶ እጁን ሚክሰሩ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ሽማግሌውም ዞረው ነበር። እሳቸው አላጨበጨቡም።

ሽማግሌዎቹ ኪቦርዲስቱን ከአምልኮ ቡድኑ ለጊዜው እንዲያርፍ አደረጉት። ይህን የሰማሁት ከእሱ አይደለም፤ እሱ ቀድሞ ወደ እኛ የመጣው ከማኅበሩ ቦርድ መልቀቁን ሊነግረን ነው። «እኔ እዚህ ካለሁ ጥያቄው አያልቅም። ልጆቹ እንዲመጡ እኔ ልውጣ» አለ።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ምግብ አልበላ አላቸው። ይቅርታ ልጠይቀው ብለው እኔን ይዘው ቤቱ ሄዱ። ሚስቱ በር ከፍታ አስገባችን፣ ሻይ አቀረበችና ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

«ስምህን አላነሣሁም» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ጣትዎን ቀስረውብኝ ነበር እኮ።»

«አመል ነው። እኛ የወደድነውን ሰው ሳናነሣ አንቀመጥም።»

«አውቃለሁ። አልተቀየምኩም።» ወደ ወጥ ቤቱ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግጥሙ ግን ጥሩ ነበር።»

«ሰምቻለሁ!» አለች ሚስቱ ከውስጥ።

የተናደድኩት እኔ ነበርኩ። እሱ ሳይናደድ፣ ጋሼ በኀዘን ሲብሰለሰሉ፣ እኔ ስፌት ማሽኔ ላይ ሆኜ ለሽማግሌዎቹ የምለውን ነገር በሆዴ እደረድር ነበር። ዕድሉም መጣ። ያ ዋተር ስትሪት ላይ ያየኋቸው ሽማግሌ ለካስ በእኛው ሆቴል ባንኬት በሚሉት የግብዣ ክፍል ነው የሚሠሩት። አንድ ጠዋት ብብቱ የተተረተረ ጃኬት ይዘው መስኮቴ ላይ ቆሙ።

«እህቴ፣ የተቀየምሽን ይመስለኛል» አሉ።

«አልተቀየምኩም» አልኩ። ጃኬቱን ተቀበልኳቸው። «ግን ምን አጠፋ? ማይክ ነው ያጎላው።»

«አጠፋ አላልንም። እርሱ አምልኮ ይመራል። ከፊቱ ከሚቀመጡት ውስጥ ከመጠጥና ከጭፈራ ቤት ሕይወት ገና በቅርቡ የወጣ ሰው አለ፤ በጣም የሚታገል። ያ ሰው መሪውን በዘፈን መሐል ሲጨበጨብለት ቢያይ ምን ብሎ ይረዳዋል? ስለ እርሱ ነው የተጨነቅነው።»

የደረደርኩት መልስ ሁሉ ለሌላ ጥያቄ ነበር። አላሳመኑኝም። ብብቱን ሰፍቼ ጃኬቱን መለስኩላቸው።

«ልጆቹን ግን አትከልክሏቸው» አልኩ።

«ልጆቹን ማን ከለከለ?» አሉ፤ እውነትም ገርሟቸው ነበር። «የእኔም የልጅ ልጅ እኮ እናንተ ጋ ነው የሚማረው።»

ቦርዱ ያለ ኪቦርዲስቱ ተንገዳገደ። ዕቃ ሲበላሽ ወደ እሱ እንደውላለን፤ መጥቶ ይጠግናል፤ ስብሰባ ሲጀመር ይወጣል። ጋሼ እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ እምብዛም አይጫወቱም፤ ቁጭ ብለው ያስተምራሉ። ሹፌሩ ሺፍቱ ተለውጦበት ግማሹን ጊዜ አይገኝም። ክፍሉን ለመዝጋት ያሰብንበትም ጊዜ ነበር።

በዚህ መሐል አንድ ስብሰባ ላይ የኪቦርዲስቱ ሚስት ብቻዋን መጣች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የእሱ ቦታ ባዶ ነው አይደል? እኔ እገባለሁ» አለች።

«ሽማግሌዎቹስ?» አልኳት።

«ነግሬአቸዋለሁ። እኔ አልዘምር፣ ኪቦርድ አልጫወት፤ ከምን ያወርዱኛል? ወንበር ነው የማዘጋጀው።» ወደ ጋሼ ዞረች። «እርስዎ ግን ክፍሉ ውስጥ ሲጋራ ማጨስ ያቆማሉ። ልጆች አሉ።»

ጋሼ እንደ ተማሪ «እሺ» አሉ።

ወንበር አይደለም ያዘጋጀችው። መጀመሪያ ያደረገችው ዓርብ እኩለ ቀንን ከተራው ማውጣት ነበር፤ ሹፌሩ ሁልጊዜ ለጁምዓ ሶላት ሲሄድ ተራው እንደሚያልፍበት ያየች እሷ ብቻ ነበረች። እሱ ራሱ አንድም ቀን አላጉረመረመም። ለፊሊፒኖቹ የክፍሉን ቁልፍ ሰጠቻቸው። ስልኩንም ከእኔ ወሰደች፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ቀን መተኛት ጀመርኩ።

ዘንድሮ ከሄንደርሰን ሲደወል ያነሣችው እሷ ናት። ግማሽ ሰዓት አለን አሏት። «አንድ አይበቃንም፤ ሁለት ስጡን፤ በመሐሉም የምሳ ዕረፍት ይኑርበት» አለች። ሰጡን። ለካስ እስከዚያ ድረስ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ መዘምራኑ ወጡ። ባሏም ኪቦርዱ ላይ ነበር፤ ወደ አገልግሎቱ ከመለሱት ቆይቷል። ሲጨርሱ ሰው ምሳ ሊበላ ተበተነ። ከምሳ በኋላ ሹፌሩ ድቤውን ይዞ ወጣ፤ ከተማሪዎቹ ሁለቱ አብረውት ናቸው። ጋሼ በአዲስ ቆዳ በተለበጠ ማሲንቆ፣ ተቀምጠው፣ ቀስ ብለው ተጫወቱ። ከመዘምራኑ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መኪናቸው ሄዱ፤ አንዳንዶቹ ጥላ ፈልገው ተቀመጡ። እኔ የጠዋቱን ወንበሮች እያጣጠፍኩ ስለነበር የቱ እንደበዛ አላየሁም።